ላይት ብሉ፦ ሎሚው ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል?

ሚሚ_ገርጂ
ሰላም ለቤቱ። የዶልቼ ኤንድ ጋባናን ላይት ብሉ ልገዛ እያሰብኩ ነው፤ የሴቶቹን፣ የመጀመሪያውን ኦ ደ ቷሌት። የምፈልገው ለቢሮ ነው፦ ጠባብ ክፍል፣ አራት ሰው፣ መስኮቱ ብዙ ጊዜ ዝግ። በመሞከሪያ ወረቀት ሲነፋ መግቢያው ደስ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወረቀቱ ባዶ ይመስላል። «ውሃ ነው፣ ብርሽን አትጣይ» የሚሉኝ አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ ከሰው አይለቅም» የሚሉኝም አሉ። የትኛው ነው? ስንቴ ይነፋል? 50 ሚሊ ነው 100 የሚሻለው?

ጠምበለል
ሁለቱም ልክ ናቸው ሚሚ፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ነው።

ሽቶው የወጣው በ2001 (በፈረንጅ) ነው፣ ቀማሚው ኦሊቪዬ ክሬስፕ ነው። መግቢያው የሲሲሊ ትርንጎና ሎሚ፣ ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴ ፖም እና ብሉቤል የሚባል አበባ፤ መሃሉ ጃስሚን፣ ቀርከሃና ነጭ ጽጌረዳ፤ መጨረሻው ሴዳር፣ አምበርና ሙስክ ተብሎ ይዘረዘራል። ይህን ዝርዝር እንደ ምግብ አሠራር አታንብቢው። ከፖም፣ ከቀርከሃና ከብሉቤል ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይወጣም፤ ጠረናቸው ከቤተ ሙከራ ቅመሞች ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። ትርንጎውና ሎሚው ግን ከልጣጭ የሚጨመቅ ዘይት አላቸው፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የሎሚ ዘይት አብዛኛው ሊሞኒን ነው። ሊሞኒን ትንሽና ቀላል ሞለኪውል ስለሆነ (ሞለኪውላዊ ክብደቱ 136) ከቆዳ ላይ በቶሎ ይነሳል። ሙስኮቹ 240 ገደማና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ናቸው፤ ተንቀርፍፈው ነው የሚነሱት። ስለዚህ ቆዳ ላይ በግምት እንዲህ ይሄዳል፦ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መራራነት ያለው የልጣጭ ጠረን ከፖሙ ጎምዛዛነት ጋር፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ስስ ጃስሚን፣ ሎሚው እየደበዘዘ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረቅ እንጨትና የታጠበ ልብስ የሚመስል ሙስክ። እሱ እስከ አምስት ስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ልብስ ላይ ደግሞ ያድራል።

ወረቀቱ ባዶ መሰለኝ ያልሽው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽቶ ወረቀት ላይ ከቆዳ ይልቅ ይቆያል እንጂ አይፈጥንም። ወረቀቱ ባዶ ከመሰለሽ ደከመው የሚባለው ሽቶው ሳይሆን አፍንጫሽ ነው። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ አሳድሪና ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ምንም ሳትቀቢ አሽትቺው። ያኔ የምታገኚው ነገር ሽቶው ራሱ ነው። ካልወደድሽው ሎሚውን ብለሽ አትግዢው።

ጂዳ_ሰፈር
ጠምበለል ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰዓቶቹ እንደ አገሩ ይለያያሉ። እዚህ ጂዳ፣ ባሕሩ ዳርቻ፣ በበጋ 40 ዲግሪና እርጥበት ሲገናኙ መግቢያው አምስት ደቂቃም አይሞላ። በምትኩ እንጨቱና ሙስኩ ከላብ ጋር በጣም ያውዳሉ፤ ለዚህ ነው ባሕረ ሰላጤ ላይ ሰው የሚወደው። ቤት ውስጥ ግን ኤሲው ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ጠረኑ ይተኛል። ከውጭ ሲገባ የጠፋ የሚመስለው፣ ሲወጣ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ነው። ጠፋ ብሎ ቢሮ ውስጥ ደግሞ የነፋ ሰው ሊፍት ውስጥ ሰው ያፍናል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መኪና ውስጥ አትተዉት። በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ቀድሞ የሚሞተው የሎሚው ክፍል ነው።

ዳዊት_ሲልቨርስፕሪንግ
እኔ እንኳ አልስማማም። መሃሉ ጃስሚን ነው ትላላችሁ፣ ለእኔ አበባ የሚባል ነገር የለበትም። ከሎሚው ቀጥሎ የሚመጣው አፍንጫ የሚወጋ ደረቅ ነገር ነው፣ ራስ ያሳምማል። ባለቤቴ ደግሞ «ለስላሳ ነው» ትላለች። አንድ ጠርሙስ ነው እኮ!

ጠምበለል
> አፍንጫ የሚወጋ ደረቅ ነገር

ዳዊት፣ እሱ የእንጨትና የአምበር ቅመሞቹ ነው። በዘመናችን ሽቶ ውስጥ «አምበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ በጣም ኃይለኛ ደረቅ ሰው ሠራሽ ቅመም ነው። አንዳንዱ አፍንጫ እሱን ጎልቶ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አይሰማውም። ሙስክም እንደዚያው ነው፤ ሌላው ሽታ ሁሉ በደንብ እየተሰማው አንድ ዓይነት ሙስክ ብቻ የማይሸተው ሰው ብዙ ነው፣ በሽታም አይደለም። ሙስኩ የማይሰማው ሰው «ውሃ ነው» ይላል፤ አምበሩ የሚጎላበት «ይወጋል» ይላል፤ ሁለቱም በእኩል የሚሰሙት «ለስላሳ ነው» ይላል። ባልና ሚስት ተጣልታችሁ አትፈቱትም።

የአበባውን ነገር በተመለከተ፦ የዚህ ሽቶ ጃስሚን የአጥር ጠምበለል ሲፈካ የሚሰጠው ዓይነት ከባድ ጠረን አይደለም። ውሃና አየር ያለበት ስስ ጃስሚን ነው። ይህን መንገድ የከፈተው ሄዲዮን የሚባለው ቅመም ነው፤ ቀማሚው ኤድሞን ሩድኒትስካ በ1966 ዲዮር ኦ ሶቫዥ ውስጥ ከሎሚ ጋር ካገናኘው ወዲህ የሎሚና የአበባ ሽቶ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ሎሚው ሲሄድ ብርሃኑን ተቀብሎ የሚያቆየው እንዲህ ያለው ስስ አበባ ነው። ደማቅ አበባ የለመደ አፍንጫ «አበባ የለም» ብሎ ያልፈዋል።

ብርቱካን_አበባ
አበባውን የሚፈልግ ሰው ኔሮሊ ይሞክር። ኔሮሊ የመራራ ብርቱካን አበባ በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣ ዘይት ነው። ያው አበባ በማሟሚያ ፈሳሽ ሲወጣ «የብርቱካን አበባ አብሶሉት» ይባላል፣ ወፍራምና ማር ማር የሚል ነው። ከቅጠሉና ከቀንበጡ ፔቲግሬን ይወጣል፣ ከልጣጩ ደግሞ የመራራ ብርቱካን ዘይት፤ አንድ ዛፍ ለሽቶ አራት ነገር ይሰጣል። ቱኒዚያ ናቡል አካባቢና ሞሮኮ ዋና አምራቾች ናቸው። 1 ኪሎ ኔሮሊ ለማግኘት 1 ቶን ያህል አበባ ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚለቀም አበባ ስለሆነ ዋጋው ከዚያ ይመጣል።

ኔሮሊ ጎልቶ የሚወጣበትን ለማወቅ የቶም ፎርድ ኔሮሊ ፖርቶፊኖ ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ዋጋው ከላይት ብሉ ብዙ እጥፍ ነው፣ ቆይታውም ከእሱ አይሻልም። ሰው ውድ ስለሆነ ይቆያል ብሎ ያስባል። የሎሚና የኔሮሊ ነገር በባሕርዩ የሚሸሽ ነው፣ በዋጋ አይታሰርም።

የአሽዶዷ
ስለ መግቢያው አንድ ቃል። ብዙ ሰው «የሎሚ ሽታ» ሲል የሚያስበው የእኛን ትንሿን አረንጓዴ ሎሚ ነው፣ ከዚያ ሲሞክረው አያገኘውም። ይህ ወፍራም ልጣጭ ያለው ትርንጎ ነው፤ ጎምዛዛነቱ ያነሰ፣ ነጩ የልጣጭ ክፍል መራራነት ያለበት። የአይሁድ የዳስ በዓል ካለቀ በኋላ ለበዓሉ የሚያዘውን የትርንጎ ልጣጭ በጥፍር ጫር ያደረገ ሰው መግቢያውን ወዲያው ያውቀዋል። (በበዓሉ መሃል አይሞከርም፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ።)

ኪያ
ኦ ኢንቴንስ የሚለውስ? ይቆያል ይባላል።

ብርቱካን_አበባ
ኪያ፣ እሱ በ2017 የወጣው ኦ ደ ፓርፋም ነው፣ ቀማሚው ያው ክሬስፕ። ሎሚና ግራኒ ስሚዝ ፖም አለው፤ መሃሉ ላይ ጃስሚንና ማሪጎልድ፤ ታቹ የአምበር እንጨትና ሙስክ። ይቆያል፣ አዎ። ግን የበፊቱ በውሃ ያልቀጠነ ነው ብለሽ እንዳትገዢው፣ ሌላ ሽቶ ነው፦ መግቢያው ጨዋማ፣ ፖሙ ጣፈጥ ያለ፣ መጨረሻው ወፈር ያለ። ዳዊትን የወጋው ነገር እዚህ ይብሳል። ለተዘጋ ቢሮ እኔ አልመርጠውም፤ ለምሽትና ለሰርግ ይሆናል።

«ኦ ደ ፓርፋም» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ይቆያል ማለት አይደለም። ኦ ደ ኮሎኝ በልማድ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሽቶ ቅመም ይይዛል፣ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ፓርፋም ከ15 እስከ 20። ግን 8 በመቶው ሙስክና እንጨት የሆነ ቷሌት፣ 18 በመቶው ሎሚና ብርቱካን ከሆነ ፓርፋም ይበልጣል። የሚወስነው የተጨመረው ነገር ነው።

አቤል_22
ወንድ ቢቀባውስ? የወንዶቹ ደግሞ አለ አይደል

ጠምበለል
የወንዶቹ በ2007 ወጣ፣ አልቤርቶ ሞሪያስ ነው የቀመመው። ማንዳሪን፣ ግሬፕፍሩት፣ የሲቹዋን በርበሬ፣ ሮዝመሪ፣ መጨረሻው ላይ ሙስክና እጣን። ስም ተጋሩ እንጂ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። የሴቶቹን ወንድ ቢቀባው ብዙም አያስታውቅም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚቀረው እንጨትና ሙስክ ጾታ የለውም። የሚያስታውቀው ፖሙ ላይ ነው፣ እሱም አጭር ነው።

ሚሚ_ገርጂ
በጣም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ጠዋት ሲታይ በእርግጥም አለ፤ ደረቅ እንጨት ነገር፣ ደስ ይላል። አሁን ጥያቄው አቀባቡ ነው። አንጓ ላይ ነፍቶ ማሻሸት ሞለኪውሉን ይሰብራል የሚሉት እውነት ነው?

ጠምበለል
አይሰብርም። ሞለኪውል በእጅ ማሻሸት አይሰበርም። የሚሆነው፣ ግጭቱ ቆዳውን ያሞቀዋል፣ ሽቶው ይሰፋል፣ ስለዚህ መግቢያው ይፈጥናል። በሎሚ ሽቶ ላይ ይሄ ኪሳራ ነው፣ በሌላው ላይ እምብዛም አይታወቅም።

ግን ከማሻሸቱ በላይ አንጓ ራሱ መጥፎ ቦታ ነው። እጅ ይታጠባል፣ ሳኒታይዘር ይቀባል፣ በዚያ ላይ በእጁ እንጀራ የሚቆርስ ሰው ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር ሽቶውን ወደ አፉ ያመጣዋል። ለቢሮሽ ሦስት ነፋ ይበቃል፦ አንዱ አንገትሽ ጀርባ ከጸጉሩ ሥር፣ ሁለቱ በክንዶችሽ መታጠፊያ ውስጠኛው በኩል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ። ደረት ላይና አገጭ ሥር አትንፊ፤ ቀኑን ሙሉ አፍንጫሽ ሥር ስለሚሆን በሃያ ደቂቃ ትለምጂውና «ጠፋ» ብለሽ ትጨምሪያለሽ። የሚሰቃዩት ሦስቱ ባልደረቦችሽ ናቸው።

እና እባካችሁ ሱቅ ውስጥ ያለውን የቡና ፍሬ ማሽተት ተዉት። በሙከራ ሲታይ ከንጹሕ አየር የተሻለ ነገር አላደረገም። የቡና አገር ሰዎች ሆነን ይህን መናገር ይከብዳል፣ ግን ውጭ ወጥቶ ሁለት ደቂቃ መቆም ወይም የራስን ልብስ ማሽተት ይሻላል።

ሰናይት_ቆዳ
ለአዲስ አበባ ቆዳ ልጨምር። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ነው። ፈሳሽ በቶሎ ይተናል፣ ቆዳም ይደርቃል። ደረቅ ቆዳ ላይ የተነፋ የሎሚ ሽቶ ዕድሜ የለውም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ሎሽን፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሽቶው የሚነፋበት ቦታ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በስሱ፤ ከዚያ ሽቶው። ቫዝሊኑ ከበዛ ግን ሽቶውን ይውጠውና መግቢያው ይደበዝዛል።

ሽታ ያለው ሎሽን አትቀላቅሉ። የኮኮናት ሎሽን ከዚህ ሽቶ ጋር ሲገናኝ ሎሚው የሳሙና ጠረን ያመጣል። ጸጉር ላይ ቅቤ ያለ ቀን ደግሞ ከአንገት በላይ ምንም አትንፉ፤ የቅቤና የፖም ጠረን አይስማሙም፣ ቅቤው ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ኪያ
ሎሽኑ ውስጥ ትንሽ ሎሚ ቢጨመቅበት መግቢያው አይረዝምም?

ሰናይት_ቆዳ
በፍጹም! ኪያ ይሄን ሰው እንዳይሰማሽ። የሎሚ ጭማቂና ልጣጭ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው ያቃጥላሉ፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይሆንና ጠባሳው ለወራት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የሽቶ አምራቾች በዚህ ምክንያት ነው የቤርጋሞትና የመሰሎቹን ዘይት መጠን የሚገድቡት ወይም አጣርተው የሚጠቀሙት። ከሱቅ የሚገዛ ንጹሕ የሎሚ ዘይትም ያው አደጋ አለው። መግቢያውን ማርዘም የምትፈልጊ ከሆነ ልብስ ላይ ንፊው፤ ጨርቅ ከቆዳ ይቀዘቅዛል፣ ሎሚው ትንሽ ይቆያል።

የአሽዶዷ
ልብስ ላይ ሲባል ግን ነጠላና ሐበሻ ቀሚስ ላይ አይደለም። ነጭ ጥጥ ላይ በቅርብ የተነፋ ሽቶ ሲደርቅ ዳሩ ቢጫ የሆነ ክብ ይተዋል፣ በተለይ ተጣጥፎ ሳጥን ከገባ። የግድ ከሆነ ከውስጥ በኩል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመልበስ በፊት እስኪደርቅ ማንጠልጠል። ሐር ላይ በጭራሽ።

ጋሼ_መርካቶ
ልጆች፣ ስለ ጠረኑ ብዙ ተባለ፤ መጀመሪያ ግን ኦርጅናሉ ይኑር። ይህ ሽቶ በጣም ከሚቀዱት አንዱ ነው።

ከጠርሙሱ ሥር ያለው የምርት ቁጥርና ካርቶኑ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ አትግዙ። አንድ ሆነ ማለት ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ቀጂዎቹም ቁጥር ያትማሉ፣ አንዱን ቁጥር ሺህ ካርቶን ላይ። ካርቶኑ ለስላሳ፣ ከፋይ የሚመስል ሰማያዊ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ተራ ወረቀት ከሆነ ጠርጥሩ። የውስጡ ቱቦ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖ እስከ ጠርሙሱ ጥግ ይደርሳል፤ ፎርጅዱ ላይ ወፍራም፣ ብዙ ጊዜም ረዝሞ የታጠፈ ነው። መርጫው እንደ ጉም ነው የሚረጨው፤ ጠብታ ከተፋ ሌላ ነው። ሆኖም ዋናው ፈተና ጊዜ ነው። ፎርጅዱ መግቢያውን በደንብ ያስመስላል፣ ሎሚ ርካሽ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ወይ ስኳር ስኳር ይላል ወይ ስፒሪት ብቻ ይቀራል። ደረቁን እንጨት ማስመሰል ያቅተዋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ክንዳችሁ ላይ አስነፉና ዞር ዞር ብላችሁ ተመለሱ፤ ባለሱቁ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ቴስተር የሚባለው፣ ለሱቅ መሞከሪያ የሚሰጠው፣ በነጭ ወይም በተራ ካርቶን፣ አንዳንዴም ያለ ክዳን ይመጣል፤ ውስጡ ያው ነው። ግን «ቴስተር ነው» የሚለው ቃል ለፎርጅድም ጥሩ መደበቂያ ነው።

ዳዊት_ሲልቨርስፕሪንግ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የቆየ፣ የተከፈተ ጠርሙስ አለ። ሲነፋ መጀመሪያ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፣ ትንሽ ቆይቶ ደህና ይሆናል። ፎርጅድ ነው ወይስ ተበላሸ?

ጋሼ_መርካቶ
ተበላሽቷል ዳዊት፣ ፎርጅድ ላይሆን ይችላል። ሊሞኒን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይለወጣል፣ ሽታውም ወደ ተርፔንታይን ይሄዳል። ታች ያሉት ሙስኮች ግን አይነኩም፤ «ትንሽ ቆይቶ ደህና» ያልከው እሱ ነው። የተለወጠው ሊሞኒን ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ አንተ አትቀባው፤ መጋረጃ ላይ ንፋው። ካርቶኑ ካለ የቅመም ዝርዝሩን እይ። የማንኛውም አበባ አበባ የሚል ሽቶ ካርቶን ላይ ቡታይልፊኒል ሜቲልፕሮፒዮናል የሚል ካለ፣ ያ ዕቃ የቆየ ሳይሆን አይቀርም፤ አውሮፓ ከመጋቢት 2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ ስለከለከለችው። የተከፈተ ጠርሙስ ምስል ውስጥ 36 የሚል ቁጥርም ታገኛለህ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚመከረው 36 ወር ነው። የሎሚ ሽቶ ያንን ያህል ሳይጠበቅ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

አቀማመጥ አጭር ነው፦ ካርቶኑ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቆሞ። መታጠቢያ ቤት አይሆንም፣ የሻወሩ ሙቀት ይጎዳዋል።

ጂዳ_ሰፈር
ከውጭ ለሚያስመጡ፦ 100 ሚሊ ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ ወሰኑ ራሱ 100 ነው። በሚጫነው ሻንጣ አንድ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሊትር፣ በጠቅላላ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ነው የሚፈቀደው። ክዳኑን በላስቲክ አስሩትና ልብስ መሃል አድርጉት።

ሚሚ_ገርጂ
እሺ፣ 50 ወይስ 100?

ጠምበለል
ቁጥሩን እይው። አንድ ነፋ 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። በቀን ሦስት፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ 66 ነፋ፤ ይህ ከ7 ሚሊ ትንሽ ያነሰ ነው። 50 ሚሊው ሰባት ወር ተኩል ገደማ ያስኬድሻል፣ 100 ሚሊው ዓመት ከሦስት ወር። በሚሊ ሲታሰብ 100 ይረክሳል፣ ግን የሎሚ ሽቶ ከግማሽ በታች ሲደርስ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ይበዛል፣ መግቢያው የሚደበዝዘውም ያኔ ነው። ሌላ ሽቶ ከሌለሽ 100 ግዢ፤ ከሌላ ጋር የምታፈራርቂው ከሆነ 50።

ሚሚ_ገርጂ
50 ይሁን። ክረምት ላይስ ይቀየራል?

ሰናይት_ቆዳ
ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅዝቃዜው መግቢያውን ያቆየዋል፣ እንጨቱ ግን ከሹራብ ሥር አይወጣም። ከክንድ መታጠፊያ ይልቅ የሻርፕሽ ጫፍ ላይ አንድ ንፊ፣ አንገት ጀርባ ያለው እንዳለ ይቆይ። ሱፍ ከሆነ ይይዛል፤ ሻርፑ ሳይታጠብ በላዩ በየቀኑ አትጨምሪበት።